በጨረቃዋ ላይ የተጣፈ እራፊ

ሴትዮዋ ከአራተኛ ፎቅ ወድቃ የጓሮው ደረጃ ስር ተዘርግታለች፤ ባልደረቦቿ ላይ ፎቁ ላይ ኬክ ይበላሉ። በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስ ሥራዬ ያላየሁት ጉድ የለም፤ ሬሳ አጠገብ ቁጭ ብለው ካርታ ሲጫወቱ የደረስኩባቸው ወንድማማቾች ሁሉ ነበሩ። ክሬም ያለበት ከንፈሩን በምላሱ እየጠረገ እጁን የዘረጋልኝ ዳይሬክተር ግን የመጀመሪያዬ ነው። አልጨበጥኩትም።

«ኬኩ እንዳይበላሽ ብለን ነው» አለኝ፣ ዓይኔ የት እንዳረፈ አይቶ። «እንግዶቹም ከሩቅ ነው የመጡት።»

ኬኩ ክብ ነው። ነጭ ክሬም ሆኖ በአንድ በኩል ቡናማ፣ በሌላው በኩል ሰማያዊ ተቀብቷል። ጨረቃ ናት አሉኝ። የእኛዋ አይደለችም፤ አንዲት ግዙፍ ፕላኔት የምትዞር፣ ከላይ እስከ ታች በረዶ የለበሰች ሌላ ጨረቃ ናት። መንኮራኩር በአጠገቧ እያለፈች ፎቶ ታነሳታለች፣ እዚህ መሥሪያ ቤት ያሉት ደግሞ ፎቶዎቹን እየገጣጠሙ ባለቀለም ካርታ ይሠራሉ። ያን ዕለት ካርታው ይመረቃል። የሞተችው የካርታው ዋና ሠሪ ነበረች፤ ሁሉም «ባለቀለሟ» ነው የሚሏት።

አስር አለቃዬ ወደ ክፍሏ ወሰደኝ። ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ጽሑፍ ተከፍቶ ይጠብቀናል፦

«መንኮራኩሯ ያላየችውን የደቡብ ስፍራ ቀለም ፈጥሬ የቀባሁት እኔ ነኝ። ኀፍረቱን አልችለውም። ይቅር በሉኝ።»

«አለቀ በቃ» አለ አስር አለቃው። «ራሷን ነው የጣለችው።»

«አንተ ደግሞ የምሳ ሰዓትህ ሲደርስ ሁሉም ነገር ያልቅልሃል።»

ዳይሬክተሩ ከኋላችን ገብቶ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበው። የመጀመሪያው ጊዜ ያስፈራው መሰለኝ፤ ሁለተኛው ግን እፎይ አስባለው።

«ምን ይባላል! እኛማ አምነናት ነበር። ኢንስፔክተር፣ ጥፋቱ የእሷ ብቻ መሆኑን ለጋዜጠኞቹ ብነግር ምርመራዎን ያደናቅፋል?»

ሬሳው ገና አልተነሳም። «አፍዎን ይጥረጉ» ብዬው ወጣሁ።

ከደረጃው ግርጌ ዘበኛው ቆመዋል፤ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያሻሹታል። ጠጋ ብዬ፦

«ስንት ሰዓት ነበር፣ አባቴ?» አልኳቸው።

«አራት ከሁለት። ድምፁን ስሰማ መጀመሪያ ያየሁት የበሩን ሰዓት ነው፤ ልማድ ሆኖብኝ።»

«ከላይ የወረደ ሰው አለ?»

«ማንም። ለአራት አምስት ጉዳይ ላይ እስከ ላይ ወጥቼ አይቼዋለሁ፣ ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከዚች ወንበር አልተነሳሁም።» ቀና ብለው ወደ ላይ አዩ። «ባለቀለሟ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ እላይ የደረጃው መቆሚያ ላይ ይወጣሉ። ዛሬም ከላይ ሆነው 'ሻይ ጠጡ ወይ?' ብለውኛል። ልጄ፣ ራሱን ሊጥል የመጣ ሰው የዘበኛ ሻይ ያሳስበዋል?»

አያሳስበውም። ይቺን ያዝኩና ወጣሁ።

ወደ ጓሮው ደረጃ የሚያስወጣው በር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያለው በካሜራው ክፍል ውስጥ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ከኪሱ መፍቻ የማይለየው አኩራፊ ቴክኒሻን ነው። «ብሎን» ይሉታል። ትናንት ከባለቀለሟ ጋር ሲጮህ ፎቁ ሁሉ ሰምቶታል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ሌንሱን በደንብ አልወለወልከውም አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ለዚህ ነው የጮህኩት።»

«አራት ሰዓት ላይስ የት ነበርክ?»

«ሽንት ቤት። ምስክር ይዤ አልገባም።»

ካሜራውን አሳየኝ። መንኮራኩሯ ላይ ላለው መንትያው ነው። በየቀኑ ልክ አራት ሰዓት ላይ ብዙ ቀለማት የተደረደሩበትን ሰሌዳ በራሱ ያነሳል፤ ካርታ ሠሪዎቹ ቀለማቸውን የሚያስተያዩት በእሱ ነው። ከሰሌዳው ጀርባ ጥቁር ወንበር አለ፣ ከወንበሩ ጀርባ ደግሞ በሩ።

«እንደ ስልካችን ባንዴ ባለቀለም ፎቶ አያነሳም» አለ ብሎን። «ጥቁርና ነጭ ነው የሚያነሳው፤ አራት ሰዓት ላይ በቀይ ማጣሪያ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ በአረንጓዴ፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ በሰማያዊ። ሦስቱን ስትደራርባቸው ቀለም ይወጣል። ጨረቃዋንም እንደዚሁ ነው፤ እንዲያውም ለእሷ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ሁሉ እንጨምራለን።»

ሲያነሳ ክፍሉ ውስጥ ሰው መቆም የለበትም። ለዚህ ነው ባለቀለሟ በየቀኑ ደረጃው ላይ ወጥታ የምትጠብቀው። በሩን ከፍቼ ለቀቅኩት። እንደ ሰነፍ ተማሪ እየተንፏቀቀ ሲዘጋ ሰዓቴን አየሁ፤ ከደቂቃ በላይ ፈጀበት።

«የዛሬዎቹን ፎቶዎች አውጣልኝ።»

ሦስቱም ላይ በሩ ዝግ ነው። አንድም ሰው የለም።

ዳይሬክተሩ በደስታ እጁን ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረው። «እንግዲህ ካሜራው መሰከረ! ማንም አልገባም። ብቻዋን ነበረች።»

ቀዳዳ የሌለው ክርክር ነው። ሰው ገብቶ ቢሆን ወይ እሱ ወይ ክፍት በር ከሦስቱ በአንዱ ላይ መታየት ነበረበት። ግን የዘበኛው ሻይ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከባለቀለሟ ጋር ጠረጴዛ ለጠረጴዛ የሚሠራው ሰው «ልብስ ሰፊው» ይባላል። ልብስ ሰፍቶ አያውቅም፤ ፎቶን ከፎቶ እየገጠመ ስለሚሰፋ ያወጡለት ስም ነው። ከሁሉም ያለቀሰው እሱ ነው። መሐረቡን በአራት አጥፎ፣ አንዱ ጎን ሲረጥብ ወደ ሌላው እየገለበጠ ያለቅሳል።

«እትዬ አስተማሪዬ ነበረች። እትዬ ባትኖር ኖሮ…»

«አራት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«አዳራሽ፣ ወንበር ስደረድር። ካርታውን ግን አይተውታል?» እንባው ሳይደርቅ ዓይኑ በራ። «አንድም ስፌት አያገኙበትም። ሁለት ፎቶ ሲገናኝ ጠርዙን በሰባት ነጥብ አደበዝዘዋለሁ፤ ምስሉ የተሠራባቸውን ጥቃቅን ነጥቦች ማለቴ ነው። ስድስት ከሆነ መስመሩ ይታያል፣ ስምንት ከሆነ ይቆሽሻል። ሰባት! ይቺ የእኔ ናት፤ ማንም እንደዚያ አይሠራም።»

«ደቡብ ላይ ያለውንስ የውሸት ቀለም?»

አንገቱን ደፋ። «እትዬ ተሳስታ ይሆናላ። ሞታለች፣ ምን እላታለሁ።»

ሰውን ይቅር ሲል ራሱን የሚያደንቅ ሰው አልወድም። ግን አለመውደድ ማስረጃ አይሆንም።

በማግስቱ የሟች ታናሽ እህት ቢሮዬ መጣች። የልጆች መምህርት ናት፤ ጣቶቿ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። የዕለቱን ጋዜጣ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ርዕሱ «የካርታው አጭበርባሪ ራሷን አጠፋች» ይላል። ዳይሬክተሩ ምላሱን አልያዘም።

«ጋሼ፣ እኔ እንድትመልሱልኝ አይደለም የመጣሁት፤ እሷ እንደማትመለስ አውቃለሁ» አለች። «ስሟን ብቻ። እትዬ የማታውቀውን ነገር 'አላውቅም' የምትል ሰው ነበረች። ልጅ ሆነን እንኳን አባታችን ሲጠይቃት 'አላውቅም' እያለች ስትገሠጽ እኔ እገምትላት ነበር። እሷ ናት የጨረቃ ቀለም የምትፈጥረው?»

«ያን ቀን ጠዋት ምን አለችሽ?»

«'ዛሬ በሰው ፊት አላውቅም የምልበት ቀን ነው' አለችኝ። እየሳቀች ነው የወጣችው። አሁን ተማሪዎቼ 'ቲቸር፣ እህትሽ ሌባ ናት?' ይሉኛል። ይኼ ነገር እንዲህ ከቀረ እኔ በዚህ ከተማ አንገቴን ቀና አድርጌ መሄጃ የለኝም።»

እንደማይቀር ቃል ገባሁላት። መርማሪ ቃል መግባት የለበትም፤ ግን ያ ጋዜጣ አንገሽግሾኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ብሎን ደወለ። ሦስቱን ፎቶዎች ደራርቦ ባለቀለሙን ልኮልኛል። ሰሌዳው ደህና ነው፣ በሩ ደህና ነው። ጥቁሩ ወንበር ላይ ግን ደማቅ ወይን ጠጅ ሹራብ ተንጠልጥሏል። እኛ ስንደርስ ወንበሩ ባዶ ነበር።

«የማን ነው ይኼ?»

«እኔ እንጃ» አለ ብሎን። «የልብስ ነገር አይገባኝም።»

ፎቁን ሙሉ ስናስፈትሽ ዋልን። ወይን ጠጅ የምትወደው ጸሐፊዋ ናት አሉን፤ ጫማዋ፣ ቦርሳዋ፣ ጥፍሯ ሳይቀር ወይን ጠጅ ነው። አስር አለቃዬ ገዳዩን እጅ ከፍንጅ የያዘ ያህል ደረቱን ነፋ።

«ባለቀለሟን መጨረሻ ያየኋት ለአራት ሁለት ጉዳይ ላይ ነው» አለች ጸሐፊዋ። «ብቻዋን ወደ ካሜራው ክፍል ገባች። እኔ ኬኩን ልቀበል ወደ ዋናው በር ወረድኩ። የኬክ ቤቱን ሰው ጠይቁት።»

ጠየቅነው፤ እውነቷን ነው። የታችኛውን መሳቢያዋን ስንከፍት ወይን ጠጅ ሹራብ የለም። ያገኘነው ነጭ ሹራብ ነው፣ የእጅ ሥራ።

«የኔ ነው» አለች ፈጥና።

ልበሺው አልኳት። አንዱ ክንዷ እንኳን አልገባበትም። ፊቷ ቀላ። የማን እንደሆነ ባላውቅም ዓይን አውጣነቷ አበሸቀኝና ወሰድኩባት፤ ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወርኩት።

በማግስቱ ጠዋት እህትየዋ የሬሳ መውሰጃ ወረቀት ልታስፈርም ገባች። ሹራቡን ስታይ ብዕሩ ከእጇ ወደቀ።

«ከየት አገኙት?»

«ታውቂዋለሽ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት!» አነሳችና ፊቷን ቀበረችበት። «እሑድ ጨረስኩላት። ያን ቀን ጠዋት ነው መጀመሪያ የለበሰችው፣ ለምረቃው ብላ። ክፍሉ ሲሞቃት ወንበር ላይ እንደምትሰቅለው አውቃለሁ፣ 'አደራ እንዳይጎተት' ብያታለሁ።»

ብድግ አልኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጸሐፊዋ ፊት ለፊቴ ነበረች።

«እሺ፣ ከወንበሩ ላይ ነው ያነሳሁት» አለች። «ሁሉም ወደ ታች ሲሮጥ። ለእሷ ከእንግዲህ ምን ይሠራላታል?»

ይህንን ያለችው ሬሳው ሳይበርድ ያደረገችውን ስትነግረኝ ነው። ግን ሳታውቀው ትልቅ ነገር ሰጥታኛለች፤ ከዚያ ወንበር ላይ ያነሳችው ነጭ ሹራብ ነው። ፎቶው ደግሞ ወይን ጠጅ ነው ይላል።

ሹራቡን ይዤ ብሎን ዘንድ ገባሁ።

«ነጭ ልብስ በእናንተ ካሜራ ወይን ጠጅ ሊሆን ይችላል?»

«ነጭ ማለት ቀይም አረንጓዴም ሰማያዊም እኩል…» አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ሦስቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አደረጋቸው። በቀዩ ላይ ሹራቡ አለ። በሰማያዊው ላይ አለ። በአረንጓዴው ላይ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ጥቁር።

«አረንጓዴው ሲጎድል ቀይና ሰማያዊ ብቻ ይቀራል» አለ ቀስ ብሎ። «ወይን ጠጅ ማለት እሱ ነው።»

«ሹራቡ አራት ሰዓት ላይ ኖሮ፣ ከአንድ ላይ ጠፍቶ፣ ከሁለት ላይ ተመለሰ?»

«አልጠፋም። አንድ ሰው ከቀደመው ቀን ፎቶ ባዶውን ወንበር ቆርጦ እዚህ ላይ ጥፎበታል። ያን ቀን ሹራብ አልነበረማ።»

ለምን እንደጣፈው ግልጽ ነው፤ ወንበሩ አጠገብ ራሱ ቆሞ ስለነበር ነው። የራሱን ምስል ሲያጠፋ ሹራቡንም አብሮ አጠፋው። ባለቀለሙን ቢያየው እንኳን አንድ ሹራብ ከማየት በቀር ምንም አይገባውም ነበር፤ በየቀኑ አብራው የምትውል ሴት ያን ቀን ምን እንደለበሰች ዓይኑን አንስቶ አላየም።

«ጠርዙን አጉላልኝ» አልኩት። «የተጣፈበትን።»

አጎላው። ነጥቦቹ እንደ ጠጠር ሆነው ወጡ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አስቀምጦ ጠርዙ የደበዘዘበትን ስፋት መቁጠር ጀመረ፤ እኔም በልቤ አብሬው ቆጠርኩ። ሰባት ላይ ቆመ። ሌላ ቦታ ቆጠረ። ሰባት። ሰማያዊውንም ገልብጦ አየው፤ እዚያ የተጣፈው በሩ ላይ ብቻ ነው፣ ገና እየተንፏቀቀ ሲዘጋ የነበረው በር። ሰባት።

«የካርታውን ደቡብ አምጣ።»

መንኮራኩሯ አላየችውም የተባለው ስፍራ ላይ ቡናማ በረዶ በሰማያዊ ስንጥቆች ተሸልሞ ይታያል። ውብ ነው። ብሎን ዙሪያውን እያጎላ ሲሄድ ከሰሜን ተቀድቶ፣ ተገልብጦ የተጣፈ ሆኖ ተገኘ። ጠርዙ ሰባት ነጥብ። ብሎን ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈና ባለጌ ስድብ ተሳደበ፤ አልከለከልኩትም።

ልብስ ሰፊውን ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። የእሷን ጠረጴዛ ከወዲሁ ወደ ራሱ አስጠግቶ፣ ኮምፒውተሯን በራሱ ገመድ ሰክቷል። ሹራቡን ፊቱ አስቀመጥኩት።

«ምን ዓይነት ቀለም ነው ይኼ?»

«ነጭ።»

«አንተ ግን ወይን ጠጅ አድርገኸዋል።»

ባለቀለሙን ፎቶ አጠገቡ ዘረጋሁለት። ከዚያ ያደረገውን ነገር እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገፈግፈኛል፤ ጎንበስ ብሎ የጣፈበትን ጠርዝ በጥፍሩ ፈተሸና፦

«ስፌቱ ግን አይታይም» አለ።

«ሰባት ነጥብ ነው። ቆጠርነው።»

መሐረቡን አወጣ። በዚህ ጊዜ ግን እንባ አልመጣለትም።

«ባዶ ነበር፣ ኢንስፔክተር» አለ። «ካርታው መሃል ጥቁር ቀዳዳ! አምስት ዓመት ሠርተን ቀዳዳ እናስመርቅ? እኔ ሞላሁት። ማን ተጎዳ? ማንም እዚያ ሄዶ አያይ። እሷ ግን ሰኞ አገኘችው። 'በምረቃው ላይ ተነስቼ እናገራለሁ' አለችኝ። ለመንኳት፣ እትዬ ብዬ ለመንኳት። 'ባናውቀው ምን አለበት?' አለችኝ። ምን አለበት! ስሜ የታወቀው በዚያ ቦታ ነው።»

«ከዚያ በሩን ከፍተህ ወጣህ።»

«ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ዘበኛው ጎንበስ ብላ ነበር። አልዞረችም። ብታየኝ ኖሮ… እንጃ።»

«ከዚያ ሌሎቹ ሬሳ ላይ ሲጮሁ አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ጣፍክ። ደብዳቤውንም ጻፍክላት።»

«ለአርባ ደቂቃ ያህል» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። በሕይወቴ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አስሬአለሁ፤ ካሰርኩ በኋላ እጄን በሳሙና የታጠብኩት ግን የዚያን ቀን ብቻ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ቀን ካሜራው ተበላሽቷል ብሎ አረንጓዴውን ፎቶ ጠቅላላ ቢያጠፋው ኖሮ አንድም ሰው ባልጠረጠረ፤ ብሎን እንደነገረኝ ፎቶ በየሳምንቱ ይጠፋል። ባዶ መተው ግን አልሆነለትም።

ዳይሬክተሩን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት። አዳመጠኝ፣ አዳመጠኝና፦

«አሳዛኝ ነው» አለ። «ግን ካርታው ታትሟል እኮ። ስለ ግድያው እሺ፤ ስለ እራፊው ዝም ብንል ማን ያውቃል? እኔም መጀመሪያ ሳየው ትንሽ ከንክኖኝ ነበር፣ ብቻ አምሮ ነበርና…»

«ከንክኖዎት ነበር?»

አፉን ዘጋ። ዘግይቷል። ያቺን ቃል መዝገቤ ላይ አሰፈርኩና አስፈረምኩት። በሳምንቱ ያው ጋዜጣ ማስተባበያ አወጣ፤ ከበፊቱ ባነሰ ፊደል ነው፣ ግን አወጣ።

ከሦስት ወር በኋላ አዲሱ ካርታ ወጣ። አዲሱ ኃላፊ መጀመሪያ በባዶው ስፍራ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ዓርማ ሊያስቀምጥበት ነበር አሉ፤ ጥቁር ቀዳዳ ዓይን ያስቀይማል ብሎ። ብሎን ነው በመፍቻው ጠረጴዛ ደብድቦ ያስቀረው። አንዱን ቅጂ ቢሮዬ ድረስ ይዞልኝ መጣ።

እህትየዋን አስጠራኋት። ፋይሉ ስለተዘጋ ሹራቡንም ልመልስላት ነበር። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። ቡናማው፣ ሰማያዊው፣ ነጩ በረዶ፣ ከግርጌው የእትዬዋ ስም። ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ጣቷ ወደ ደቡብ ወረደና ጥቁሩ ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ ያለው ምንድን ነው?»

«አይታወቅም» አልኳት። «መንኮራኩሯ አላየችውም።»

ጣቷን አላነሳችም።

«በሰው ፊት 'አላውቅም' አለች በቃ» አለች። «እንዳለችው።»

ካርታውን በጥንቃቄ አጥፋ ከነጩ ሹራብ ጋር በአንድ ቦርሳ ከተተችው። ደወል ሳይደወል ክፍሏ መድረስ ነበረባት፤ ተማሪዎቿ ይጠብቋታል።